ፋሚሊ ዴይ፦ በካናዳ ብርድ መሃል የተገኘች ሰኞ

ፋሚሊ ዴይ ማለት የቤተሰብ ቀን ነው። በካናዳ አምስት ግዛቶች በዚህ ስም ሥራ ይዘጋል፦ በአልበርታ፣ በሳስካችዋን፣ በኦንታሪዮ፣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያና በኒው ብረንስዊክ። ቀኑ የፌብሩዋሪ ሦስተኛው ሰኞ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ የካቲት ውስጥ ይውላል። ሃይማኖት የለበትም፣ የሚዘከር ጦርነትም የለውም። ከቤትህ ሰዎች ጋር ዋል፣ በቃ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የጀመረችው አልበርታ ናት፣ በ1990። ሐሳቡን ያመጣው የወቅቱ የግዛቲቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዶን ጌቲ ነው። ሰውየው ፖለቲካ ውስጥ ከመግባቱ በፊት በኤድመንተን የካናዳ ፉትቦል (እንደ አሜሪካው በእጅ የሚያዘው ጨዋታ) ተጫዋች ነበር። ቤተሰብ ጊዜ ይፈልጋል ብሎ ሲነሳ አሠሪዎች ተንጫጩ። ለማይሠራ ቀን ደመወዝ እንዴት እንከፍላለን አሉ። መፍትሔው የንግድ ሰው መፍትሔ ሆነ፦ በኦገስት መጀመሪያ ላይ ያለው የቅርስ ቀን በአሠሪው ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ እንዲሆን ተደረገ። ማለትም ሠራተኛው የየካቲቷን ሰኞ ያገኘው የበጋውን በዓል አስይዞ ነው።

ከዚያ በኋላ ለ17 ዓመት የተከተላት አልነበረም። ሳስካችዋን በ2007 ገባች። ኦንታሪዮ ደግሞ በ2008፤ የግዛቲቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዶልተን መጊንቲ በ2007ቱ ምርጫ ቃል ገብቶ ነበር፣ እንዳሸነፈ ወዲያው አወጀው። እውነት ለመናገር ይህን ቃል መግባት ከባድ አልነበረም። ከአዲስ ዓመት እስከ ስቅለት ድረስ አንድም በዓል አልነበረም። ብርዱ አጥንት ይገባል፣ ፀሐይ በጊዜ ትጠልቃለች። በዚህ መሃል ረጅም ዊክኤንድ እሰጣችኋለሁ የሚልን ሰው ማን ይጠላል?

የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ታሪክ ለየት ይላል። በ2013 ስትጀምር ሁለተኛውን ሰኞ መረጠች። ምክንያቱ የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራዎቹ ናቸው። በሦስተኛው ሰኞ አሜሪካኖችም የፕሬዚዳንቶች ቀን ስላላቸው ተራራው ይጨናነቃል ተባለ። ችግሩ፣ ዘመዱ አልበርታ ያለ ሰው በቤተሰብ ቀን ቤተሰቡን ማግኘት አልቻለም። በ2019 ቀኑን ከሌሎቹ ጋር አገጣጠሙት።

በዚያው ሰኞ በሌላ ስም የሚዘጉም አሉ። ማኒቶባ ቀኑን ለሜቲሶቹ (ከአገሬው ተወላጆችና ከአውሮፓውያን የተገኘ ሕዝብ) መሪ ለሉዊ ሪየል ሰጠችው፤ ስሙ የመጣው ከተማሪዎች ጥቆማ ነው። ሪየል በ1885 የተሰቀለ ሰው ነው። ኖቫ ስኮሺያ የቅርስ ቀን ትለዋለች። በ2015 የመጀመሪያዋን ክብር የሰጠችው ለቫዮላ ዴዝመንድ ነበር፤ በ1946 ሲኒማ ቤት ውስጥ ለነጮች ከተለየው መቀመጫ አልነሳም ላለችው ጥቁር ነጋዴ። ዛሬ ምስሏ በአሥር ዶላሩ ላይ አለ። ኬቤክ ግን በዚህ ቀን እንደተለመደው ሥራ ላይ ናት።

ሰዉ እንዴት ያሳልፈዋል? ከተሞች የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳዎችንና የመዋኛ ገንዳዎችን በነፃ ወይም በርካሽ ይከፍታሉ። በኦታዋ ብርዱ ከፈቀደ 7.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የሪዶ ቦይ በበረዶ ጫማ በሚንሸራተቱ ሰዎች ይሞላል። ኦንታሪዮ ውስጥ በዚያ ዊክኤንድ የካናዳ ነዋሪ የሆነ ሰው ያለ ፈቃድ ዓሣ ማጥመድ ይችላል። በረዶውን ሰርስሮ ቀዳዳው አጠገብ መቀመጥ ነው። ለሐበሻ ይህ መዝናኛ ነው ብሎ ማስረዳት ይከብዳል፣ ልጆቹ ግን ይወዱታል።

ስለ ቤተሰብ ቀን ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ፣ ቀኑ የማን ነው የሚለው ነው። ፖስታ ቤት፣ አየር መንገድና ቴሌኮም በፌዴራል ሕግ ስለሚተዳደሩ የግዛቱ በዓል አያስገድዳቸውም። በኦንታሪዮ ሆስፒታል፣ ሆቴልና ሬስቶራንት የሚሠራን ሰው፣ ፈረቃው በዚያ ቀን ከዋለ፣ አሠሪው ግባ ሊለው ይችላል። በምትኩ የበዓል ክፍያና የአንድ ተኩል ደመወዝ ያገኛል፣ ወይም ሌላ ቀን ያርፋል። የበዓል ክፍያው የሚሰላው ያለፉት አራት ሳምንታት ደመወዝ ለ20 ተካፍሎ ስለሆነ በሳምንት ሁለት ቀን ለሚሠራ ሰው የሚደርሰው ትንሽ ነው። የታክሲ ሹፌር ደግሞ ከነጭራሹ ከበዓል ሕጉ ውጭ ነው።

ይህን ዝርዝር ቶሮንቶ፣ ካልጋሪ ወይም ኤድመንተን ላለ ሐበሻ ብታነብለት ይስቃል። ሆቴል፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ታክሲ፣ የኤርፖርት ሥራ፦ አብዛኛው አዲስ ገቢ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በብዙ ቤት አባት ሌሊት፣ እናት ቀን ይሠራሉ። ለልጅ ማዋያ ላለመክፈል ፈረቃ ይቀያየራሉ። የሚገናኙት በር ላይ ነው፤ አንዱ ጫማ ሲያወልቅ ሌላው ሲያስር። የሌላ ሰው እናት የምትንከባከበው የእኛ እናት በቤተሰብ ቀን ከቤተሰቧ ውጭ ናት ማለት ነው።

በእርግጥ ሕጉ ለቤተሰብ ያስቀመጠው ትልቁ ነገር ይህች ሰኞ አይደለችም። ለወላድ እናት የ15 ሳምንት ክፍያ፣ ከዚያም ወላጆች የሚካፈሉት እስከ 40 ሳምንት አለ፤ በተለመደው አማራጭ የገቢን 55 በመቶ ያህል፣ ያውም እስከ ተወሰነ ጣሪያ ድረስ። አገር ቤት በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለእናት 120 ቀን በሙሉ ደመወዝ፣ ለአባት ሦስት ቀን ይሰጣል። ሦስት ቀን ገንፎውን እንኳን በደንብ አታስበላም።

ቀኑን ሐበሻው በራሱ መንገድ ይጠቀምበታል። ገና እና ጥምቀት በሥራ ቀን ሲውሉ ፈቃድ መለመን አለ፤ ይህችን ግን መንግሥት ራሱ ሰጥቷታል። ክርስትናና ልደት በዋዜማው እሑድ ቢደገስ ማንም ነገ ሥራ አለኝ ብሎ ቶሎ አይነሳም። ከካላንደሩ ጋር ያለው ግጥጥሞሽም ይገርማል። የአልበርታ የመጀመሪያው ፋሚሊ ዴይ ፌብሩዋሪ 19 ዋለ፤ የሳስካችዋንም፣ በ2018 የጀመረችው የኒው ብረንስዊክም እንዲሁ። በሦስቱም ዓመት ይህ የካቲት 12 ነው፣ የሰማዕታት ቀን። በ2026 ደግሞ ሰኞዋ የዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ አረፈች። እሑዱ የቅበላ መጨረሻ ሆነ ማለት ነው፤ ፈረቃ የሌለበት ሰው ጥሬ ሥጋውን እስከ እኩለ ሌሊት ቆርጦ፣ ሰኞ እስከ ረፋድ መተኛት የሚችልበት።