«ጥርት ያለ ክብ» ሲባል የትኛው ነው?
ደሴንና ኮምቦልቻን ከሚያልፈው የቦርከና ወንዝ ውሃ ቀድቶ ባክቴሪያ የሚያጠና ሰው «በባክቴሪያው ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ታየ» ሲል፣ አንባቢ ጀርም ገዳይ ተገኘ ብሎ ሊረዳው ይችላል፤ ትርጉሙ ግን ባክቴሪያው እንደሚበቅልበት የላቦራቶሪ ሳህን ይለያያል። በ1948 እ.ኤ.አ. በተዋወቀው የፒኮቭስካያ ማሳደጊያ (ካልሲየም ፎስፌት ያለበት የባክቴሪያ ምግብ) ላይ የሚታየው ክብ፣ ባክቴሪያው እንደ ግሉኮኒክ ያለ አሲድ አመንጭቶ በቀላሉ የማይሟማውን ካልሲየም ፎስፌት እንዳሟሟ፣ ማለትም ተክል ሊወስደው የሚችል ፎስፈረስ እንደለቀቀ ብቻ ያሳያል። ጀርም መግታቱን የሚናገረው ሌላ ሳህን ነው፤ በዚያ ላይ እንደ ስታፊሎኮከስ ያለ በሽታ አምጪ ተዘርቶ፣ በሚፈተነው ባክቴሪያ ዙሪያ ሳይበቅል የቀረበት ስፍራ በሚሊሜትር ይለካል። እዚህም ላይ (ብዙዎች የሚዘነጉት ይመስለኛል) አሲዱ ራሱ ጀርሙን ሊገታው ስለሚችል፣ ባክቴሪያው ያደገበት ፈሳሽ አሲድነት ተስተካክሎ እንደገና ሳይፈተን አንቲባዮቲክ ተገኘ ማለት ችኮላ ነው።