ከአረቄ ቤቱ ማዶ ያለው ቤት፦ ስለ ሱስ ሕክምና የምንሳሳታቸው ነገሮች

የእናቴ ታናሽ ወንድም አረቄ ከተወ ስድስት ዓመት ሊሞላው ነው። ከመተዉ በፊት ግን ቤተ ዘመዱ ሁሉ ሐኪም ሆኖ ነበር። ደብረ ማርቆስ ያለው «ምከሩት» ይላል። ቡሬ ያለው «እሰሩት» ይላል። ባሕር ዳር ያለችው አክስቴ ደግሞ «ሚስት ፈልጉለት» ትላለች። ያኔ ከሰማነው ብዙው ስህተት ነበር፤ አንዱ እንዲያውም ሊገድለው ነበር። ዛሬም በየቤቱ ስለሚባል አንድ በአንድ ልያቸው።

«ሐሞት ካለው ራሱ ይተወዋል»

አጎቴ ሐምሌ ጭቃ ውስጥ ሲያርስ የሚውል ሰው ነበር፤ ሐሞት አላነሰውም። ለረጅም ጊዜ ብዙ ሲጠጣ የኖረ ሰው አንጎሉ ይለወጣል፤ መጠጡን ከእህልና ከውሃ እኩል ማየት ይጀምራል። እንደሚጎዳው እያወቀ ይጠጣል። «ዛሬ ሁለት ብቻ» ብሎ ወጥቶ ስንተኛው ላይ እንዳለ አያውቅም። ድሮ በሁለት መለኪያ የሚሞቀው አሁን ስድስት አይበቃው። ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሞች ሱስ የሚሉት ይህን ነው። ቁጣ የሚያድነው ቢሆንማ አያቴ ገና ድሮ ባዳነችው።

«ዛሬውኑ ይቁረጥ፤ በር ቆልፉበት»

እኛም ቆለፍንበት። ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው።

በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት እንደሚጥል በሽታ ሊያንፈራግጠው ይችላል። በ3ኛው ቀን አካባቢ ደግሞ አንዳንዱ የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበት ቦታ ይጠፋዋል፣ ሰውነቱ ይግላል። ካልታከመ ሊሞት ይችላል። አጎቴ በሦስተኛው ሌሊት ከግድግዳው ላይ ጉንዳን ይለቅም ነበር። ጉንዳን ግን አልነበረም። «ልክፍት ነው» ተባለ። ሲነጋ በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው።

በሐኪም እጅ ሲሆን ይህ ሁሉ ይያዛል። እንደ ዲያዜፓም ያለ መድኃኒት ለጥቂት ቀናት እየተቀነሰ ይሰጠዋል። ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጠዋል፤ ብዙ የሚጠጣ ሰው እህል ስለማይቀምስ ያልቅበታል፣ ሲያልቅ ደግሞ አንጎል ይጎዳል። ዲያዜፓሙን በራስ ገዝቶ መዋጥ ግን አይሆንም። ከአረቄ ጋር ከተገናኘ ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል፤ እሱ ራሱም ሱስ ይሆናል።

ጫት እንደዚህ አይደለም። ጫት ያቆመ ሰው ይደብረዋል፣ ይነጫነጫል፣ ይቃዣል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ለሕይወቱ አያሰጋም። የጫት ጣጣ ጨብሲው ነው። ምርቃናውን ለመስበር ብሎ ጀምሮ ጠጪ ሆኖ የቀረ ስንቱ ነው!

«ሕክምና ማለት አማኑኤል ገብቶ መተኛት ነው»

«አማኑኤል» የሚለው ስም ብቻ ስንቱን ቤቱ እንዳስቀረው! አብዛኛው የሱስ ታካሚ አልጋ አያስፈልገውም፤ እየተመላለሰ መታከም ይችላል። ለዚህም የግድ አዲስ አበባ መሄድ የለበትም። የባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወትም ሆነ የደብረ ማርቆሱ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። የሚተኛው ከዚህ በፊት ሲያቆም ያንፈራገጠው፣ ሌላ ከባድ ሕመም ያለበት፣ ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያስብ ወይም ቤት ውስጥ የሚያየው ሰው የሌለው ነው።

ተመላላሽ ሕክምና ካርድ አውጥቶ ክኒን ይዞ መመለስ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዋናው ከሐኪሙ ጋር የሚደረገው ወሬ ነው። መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላ በየወሩ ይቀጠራል። ሐራራው ስንት ሰዓት ይመጣል? ከማን ጋር ስትሆን? በየት በኩል ስታልፍ? ደመወዝ ስትቀበል ነው ወይስ ስትጣላ? አጎቴ መጀመሪያ «ይሄ ምን ሕክምና ነው፣ ፖሊስ ጣቢያ እንጂ» ብሎ ነበር። ሐራራ ግን ይመጣል፣ ይጠነክራል፣ ካልሰጡት ይበርዳል። እስኪበርድ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ማወቁ ነው ሕክምናው። ሐራራ የሚቀንሱ መድኃኒቶችም አሉ፤ ሐኪሙን መጠየቅ ነው።

«ጠበል ከገባ መድኃኒት ይቅር»

ይህ ክርክር በኤች አይ ቪ ጊዜም ነበር። ያኔ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚወሰዱ ተናግረዋል። ለአረቄውም ያው ነው። ግሽ ዓባይ ወርዶ፣ ሱባኤ ይዞ መጠጥ የተወ ሰው አውቃለሁ፤ አልክድም። እዚያ ጎረቤት አረቄ ቤት የለም፤ ሰዓቱ በጸሎት ይሞላል፤ አጠገቡ የሚያጽናናው አለ። ግን በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው እነዚያን የመጀመሪያ ቀናት ሐኪም ሳያየው ባይሄድ ይሻላል። ደግሞም ከጠበል የተመለሰው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ሠፈሩ ሲደርስ ነው።

«ከዳነ ወደ ቤቱ ይግባ፤ ሌላ ቤት ምን ያደርግለታል?»

የትኛው ቤት? የአያቴ ቤት የቆመው በአረቄ ነው። ዳጉሳና ጌሾ ገዝታ፣ ጠንስሳ፣ አውጥታ፣ ሸጣ ነው ልጆቿን ያሳደገች። ያገገመው ልጅ የሚተኛው ጋኑ አጠገብ ነው። ሽታው ብቻ ይበቃዋል። አያቴን ማን ይወቅሳታል? ታዲያ ምን ትሽጥ?

በሌላ አገር ለዚህ የመሸጋገሪያ ቤት የሚባል አለ። አሜሪካ ውስጥ ኦክስፎርድ ሀውስ የሚባሉት በ1975 እ.ኤ.አ. የተጀመሩ ናቸው። ሆስፒታል አይደሉም። ያገገሙ ሰዎች ተራ ቤት ተከራይተው አብረው ይኖራሉ፤ ኪራዩን ያዋጣሉ፤ ሥራ ይከፋፈላሉ፤ የጠጣ ከቤቱ ይወጣል። ዕቁብና ማኅበር ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

እኛ እንዲህ ያለውን ቤት በአቅማችን ሠራነው። ፍኖተ ሰላም ያለ የማይጠጣ የአጎቱ ልጅ አንድ ክፍል ሰጠው። ሦስት ሁኔታ አስቀመጠ፦ አረቄ ወደዚያ ቤት አይገባም፣ ቀጠሮ አይቀርም፣ ሥራ ይሠራል። ስምንት ወር ተቀመጠ። ከክኒኑ ይልቅ ያ ክፍል ጠቅሞታል ባይ ነኝ፤ ሐኪሙ ይህን ሲሰማ ሳቀ እንጂ አልተከራከረኝም።

«ጠላማ ምን ታደርጋለች»

እንግዳ ስናስተናግድ «አፈር ስሆን! በሞቴ!» እንላለን። ለሚያገግም ሰው ይሄ ፈተና ነው። ጠላም አልኮል ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰውየው ጠላው ላይ አይቆምም። ብርዝ ስጡት፤ ያልፈላ የማር ውሃ ነው።

«አገረሸበት፤ በቃ አይድንም»

ጨጓራም ግፊትም ያገረሻል፤ ያኔ ወደ ሐኪም እንመለሳለን እንጂ በሽተኛውን አንጥለውም። አጎቴ በአራተኛው ወር፣ ለጥምቀት፣ ሁለት ቀን ጠጣ። በሦስተኛው ቀን አፍሮ ቀጠሮውን ሊተው ሲል የአጎቱ ልጅ ይዞት ሄደ። እዚያም ጥያቄው ያው ነበር፦ በየት በኩል አለፍክ?

አሁን ከእናቱ ጋር አይኖርም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ይመጣል። በአረቄ ቤቶቹ በኩል ቅርብ ነው። እሱ ግን በወፍጮው በኩል ይዞራል፤ ሃያ ደቂቃ ይጨምርበታል።