«ስትሮጥ ይለቅሃል»፦ ስለ ሯጮች ጉዳት የሚነገሩ የተሳሳቱ ምክሮችና እውነታው

ከእንጦጦ ጫካ እስከ ሱሉልታ ሜዳ፣ ከለገጣፎ እስከ ሰንዳፋ ኮረኮንች ድረስ በማለዳ ከሚሮጡት ልጆች ብዙዎቹ ክለብም ሐኪምም የላቸውም። ሲያማቸው የሚሰሙት የልምምድ ጓደኛን ምክር ነው። ከምክሩ ደህናው ብዙ ነው፤ እነዚህ ግን ተስፋ ያላቸውን ልጆች ከሩጫ እያስወጡብን ነው።

«ስትሮጥ ይለቅሃል»

ለደከመ ጡንቻ እውነት ነው። ትናንት ዳገት የሠራ ባት ዛሬ ሲሞቅ ይፍታታል። የአጥንት ሕመም ግን በሮጡበት ቁጥር ይብሳል፤ እየቆየ ሲራመዱም ይሰማል፣ ሌሊትም ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። አጥንት በየሩጫው በጥቂቱ ይጎዳል፣ በዕረፍት ራሱን ይጠግናል። ጭነቱ ጥገናውን ሲቀድመው ቀጭን ስንጥቅ ይፈጠራል።

አውራ ጣታችሁን አገዳችሁ ላይ እየተጫናችሁ ከላይ ወደ ታች አውርዱት። ሕመሙ በረጅሙ ከተዘረጋ ብዙውን ጊዜ የአጥንቱ ሽፋን ተቆጥቶ ነው። ሳንቲም በምታህል አንድ ቦታ ላይ ብቻ ካስጮኻችሁ ግን ሩጫውን በዚያው ቀን አቁሙ። ብሽሽት ውስጥ ጠልቆ የሚሰማ ሕመም ከሁሉ ያሰጋል፤ የጭን አጥንት አንገት ተሰንጥቆ ከተሮጠበት ሙሉ በሙሉ ሊሰበር ይችላል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1968 ሜክሲኮ ላይ በተጎዳ የእግር አጥንት ተሰልፎ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋርጧል። በሁለት ኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈ ሰው ጽናት አንሶት አይደለም።

«ራጅ ተነስተህ ምንም የለም ከተባልክ ደህና ነህ»

እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ኤም አር አይ ቀድሞ ያሳያል፣ ዋጋው ግን ለብዙ ሯጭ የሚቀመስ አይደለም። ምልክቱ ካለ አጥንቱ እንደተሰነጠቀ ቆጥሮ ማረፍና ራጁን ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ መድገም ይሻላል። እስከዚያ ወጌሻ ቦታውን እንዳያሸው። ጥሩ እጅ ያለው ወጌሻ የደነደነ ጡንቻ እንደሚያፍታታ አልክድም፤ የተሰነጠቀ አጥንት ግን በእሽት አይድንም።

«ጅማት ከታመመ መድኃኒቱ መተኛት ነው»

ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም የተረከዙ ጅማት ታሞ ነበር፤ ከኦሊምፒኩ በኋላም ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ይህ ጅማት ሲያርፍ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ጥንካሬውም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ወር ተኝቶ የተመለሰ ልጅ በመጀመሪያው የፍጥነት ልምምድ ሕመሙ ያገረሽበታል።

የሚጠቅመው በልክ ማሠራት ነው። ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣቶቻችሁ ቁሙ። በሁለቱም እግር ተነሡና በታመመው እግር ብቻ ተረከዛችሁን ቀስ ብላችሁ ከጠርዙ በታች አውርዱ፤ 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ12 ሳምንት። ሲቀልላችሁ ጀርባችሁ ላይ ቦርሳ አዝላችሁ ክብደት ጨምሩ። ይህን አሠራር ስዊድናውያን ሐኪሞች ሞክረው ውጤቱን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ስትሠሩ መጠነኛ ሕመም ቢኖር አያስፈራም፤ በማግስቱ ጠዋት ስትነሡ ጅማቱ ከወትሮው በላይ ከገተረ ግን አበዛችሁት ማለት ነው።

«ዲክሎፌናክ ውጥና ሩጥ»

ይህ የሕመም ማስታገሻ ሕመሙን ይሸፍናል፣ ጉዳቱን ግን አይጠግንም። ላብ ባደረቀው ሰውነት ላይ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። ጅማት አካባቢ የሚወጋ ስቴሮይድ (እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት) ደግሞ ጅማቱን ለመበጠስ ሊያጋልጥ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮም ያለ ልዩ ፈቃድ በውድድር ወቅት መወጋቱ በአበረታች ቅመም ሕግ ያስቀጣል።

«የወር አበባዋ የቀረው ልምምዱ ስለሠራ ነው»

ይህን ሴት ልጆቻችን ሲነገራቸው መስማት ያመኛል። ወር አበባ የሚቀረው ብዙ ጊዜ የሚበላው ምግብ ከሚሠራው ልምምድ ሲያንስ ነው። ያኔ አጥንት የሚጠብቀው ሆርሞን ይወርዳል፣ አገዳና የእግር አጥንት በቀላሉ ይሰነጠቃል። ዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ጉዳዩን እ.ኤ.አ. በ2014 በይፋ ያስጠነቀቀበት ነው፤ ወንዶችንም ይመለከታል። ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ጋር መሄድ ግድ ነው፤ እስከዚያም ከልምምድ በኋላ ሳይቆዩ መብላት፣ በፆም ወቅት ደግሞ ሽሮውንና ምስሩን አብዝቶ ማቅረብ ያስፈልጋል።

«በደንብ የተሳሳበ አይጎዳም»

ማሳሳብ ክፋት የለውም፤ ጉዳት መከላከሉ ግን አልተረጋገጠም። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ሥራ የስፖርት ጉዳትን ከሲሶ በታች ያወረደው የጡንቻ ማጠንከሪያ ልምምድ መሆኑን አሳይቷል። ጂም ለሌለው ልጅ አንድ ደረጃና አንድ ከባድ ቦርሳ ይበቃል።

«ለአሠልጣኝ ከተናገርክ ከቡድን ትወጣለህ»

ጥሩነሽ ዲባባ በጉዳት ምክንያት እ.ኤ.አ. የ2011ዱ የዓለም ሻምፒዮና አልፏት፣ በቀጣዩ ዓመት በለንደን ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ ወስዳለች። በመጀመሪያው ሳምንት የተነገረ የአገዳ ስንጥቅ ብዙ ጊዜ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ዕረፍት ይፈልጋል፤ ተደብቆ የተሰበረ ግን ዓመት ሊበላ ይችላል። ለአሠልጣኝ ስትናገሩ ሕመሙ የት እንደሆነ በአንድ ጣት አሳዩ፣ መቼ እንደጀመረና ሌሊት ይቀሰቅስ እንደሆነም ጨምሩ።