የምስጠራ መብት ተሟጋች ድርጅት ምንድን ነው?

የምስጠራ መብት ተሟጋች የሚባለው፣ ሰዎች የሚለዋወጡትን መልእክት ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው መስጥረው የመላክ መብታቸው በመንግሥትም ሆነ በኩባንያ እንዳይነካ የሚከራከር፣ ብዙውን ጊዜ ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት ነው። ከአንጋፋዎቹ መካከል በአሜሪካ የሚገኘው ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንና መቀመጫውን ለንደን ያደረገው ፕራይቬሲ ኢንተርናሽናል ሁለቱም በ1990 እ.ኤ.አ. ተመሠረቱ።

ተሟጋች ሲባል መግለጫ ማውጣትና ፊርማ ማሰባሰብ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን የእነዚህ ድርጅቶች ትልቁ ጉልበት ነገሩን ሠርቶ በማሳየት ላይ ነው ባይ ነኝ። በ1990ዎቹ የአሜሪካ መንግሥት ጠንካራ የምስጠራ ፕሮግራም ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ሲከለክል፣ ራሱ ደረጃ ያወጣለትና ባለ 56 ቢት ቁልፍ የነበረው ዴስ የተባለው ስልት ግን አስተማማኝ ነው ይል ነበር። ፋውንዴሽኑ በቃል መከራከሩን ትቶ፣ በ1998 ከ250,000 ዶላር ባነሰ ወጪ አንድ ማሽን አሠራ። ማሽኑ ረቂቅ ብልሃት አልነበረውም፤ ከ1,800 የሚበልጡ ቺፖቹ በሰከንድ ወደ 90 ቢሊዮን የሚጠጉ ቁልፎችን በየተራ እየሞከሩ በ56 ሰዓት ውስጥ ትክክለኛውን አገኙት። ንድፉና ኮዱ በመጽሐፍ ታትመው ወጡ፤ ያው ኮድ በዲስክ ቢላክ ቁጥጥሩ ይይዘዋል፣ በወረቀት ሲታተም ግን አይነካውም ነበርና።

ሌላው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። ዳንኤል በርንስታይን በተማሪነቱ የጻፈውን የምስጠራ ኮድ ለማሳተም ፈቃድ ያስፈልግሃል ቢባል፣ በ1995 በፋውንዴሽኑ ድጋፍ መንግሥትን ከሰሰ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ1999 በአብላጫ ድምፅ፣ ኮድ በሕገ መንግሥቱ ጥበቃ የሚደረግለት ንግግር ነው ሲል ፈረደ። ፋውንዴሽኑ ከሞዚላና ከሌሎች ጋር ያቋቋመው ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለ አገልግሎት ደግሞ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለድረ ገጾች የምስጠራ ሰርተፍኬት፣ ማለትም ድረ ገጹና ጎብኚው የሚለዋወጡት እንዲመሰጠር የሚያስችል ዲጂታል ማረጋገጫ፣ በነጻ ያድላል።

ዛሬ ዋናው ሙግት የጓሮ በር በሚባለው ጉዳይ ላይ ነው፤ ይኸውም ፖሊስ ሲያስፈልገው የሚገባበት ምስጢራዊ መግቢያ በምስጠራው ውስጥ ይተውልን የሚለው ጥያቄ ነው። ወንጀል መርማሪ ማስረጃ ተቆልፎበት ሲቸገር ጥያቄው ከንቱ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም ለፖሊስ የተተወ ቀዳዳ ለሌባም ቀዳዳ ነው፤ ቁልፉን የያዘው ማን እንደሆነ ሒሳቡ አይለይም። የብሪታንያ መንግሥት እንዲህ ያለ መግቢያ እንደጠየቀው ከተዘገበ በኋላ አፕል በየካቲት 2025 በዚያች አገር የላቀውን የመረጃ ጥበቃ አገልግሎቱን፣ ማለትም የተጠቃሚውን መረጃ ከባለቤቱ በቀር ማንም እንዳያነበው የሚመሰጥረውን፣ ለአዳዲስ ተጠቃሚዎች ሲያቋርጥ፣ ፕራይቬሲ ኢንተርናሽናል ከሌላው የመብት ድርጅት ከሊበርቲ ጋር ሆኖ ጉዳዩን የስለላ አቤቱታዎችን ወደሚመለከተው የአገሪቱ ችሎት ወስዶታል።