የአናጢ ጠረጴዛ ሳሎን አይገባም

ጅማ ስለ እንጨት ሥራ ከማንም አትማርም። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባርጩማችንን አገር ያውቀዋል። የመሥሪያ ጠረጴዛው ምን ይቀባ ሲባል ግን ያ ሁሉ ሙያ የት እንደሚገባ እንጃ። ሰሞኑን ሥራ ጀማሪ ልጆች ሊጠይቁኝ መጡ። መልሱን ግን ይዘው ነው የመጡት፦ «ጋሼ፣ ቫርኒሽ ደጋግመን ብንቀባው ይበቃል አይደል?»

አይበቃም። እንዲያውም አትቀቡት።

«ያለ ቫርኒሽ እንጨት ይበላሻል» የሚሉትን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። ቫርኒሽ እንጨቱ ላይ ሽፋን ይሠራል። ለቁም ሳጥን ጥሩ ነው፤ ቁም ሳጥን በመዶሻ የሚደበድብ የለም። የመሥሪያ ጠረጴዛ ግን ሲመታ፣ ሲበሳ፣ በመሮ ሲጫር ነው የሚውለው። ሽፋኑ አንድ ቦታ ከተሰነጠቀ እርጥበት በዚያ ይገባና ዙሪያውን ይልጠዋል። ለመጠገን መፋቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት፣ እንደገና መቀባት ሊኖርባችሁ ነው። አንድ ጎረቤቴ የዋንዛ ጠረጴዛውን እንደ መስታወት አብለጨለጨው። ሲልግ ጣውላው እየተንሸራተተ አስቸገረው፤ ክረምት ሲገባ ቫርኒሹ ይላጥ ጀመር። አሁን ካርቶን አንጥፎበት ነው የሚሠራው። ያ ሁሉ ብር ለካርቶን!

የሚሻለው የሚደርቅ ዘይት ነው፤ የተልባ ዘይት። ውስጥ ይገባል እንጂ ላዩ ላይ አይጋገርም። የተጫረውን ቦታ ብቻ በጨርቅ ቀባ ማድረግ ነው፣ አለቀ። ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቁ፣ እንጨቱ ያልጠጣውን ጥረጉ። ሳትጠርጉ ትተዉትና ሲያጣብቅ «ዘይት አይሆንም» ትላላችሁ። ምንም ያልተጨመረበት የተልባ ዘይት ለመድረቅ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈልጋል፤ በጅማ ክረምት ደግሞ ይብሳል። ማድረቂያ የተጨመረበት ከተገኘ አንድ ቀን አካባቢ ይበቃዋል።

ጨርቁን ግን አደራ! ይህ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ እንዳትጥሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ያለ ክብሪት እሳት ይነሳል። ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ውስጥ ንከሩት። ሰጋቱራ በሞላበት ቤት በዚህ አይቀለድም።

«የምግብ ዘይትስ ያው አይደል?» የፓልም ዘይት አይደርቅም። ተውት።

«የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከምስጥ ያድናል።» ሥራችሁን ያጠቁራል፣ ኮላ እንዳይዝ ያደርጋል፣ ለቆዳም ጎጂ ነው። ምስጥ የፈራ የጠረጴዛውን እግር ከአፈር ያንሳ፤ ድንጋይ ወይም ሲሚንቶ ላይ ያቁመው።

«ከተቀባ አይጣመምም።» ቅብ እርጥበትን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ላዩን ብቻ ቀብታችሁ ታቹን ከተዋችሁት ደግሞ አንዱ ፊት ከሌላው ፈጥኖ እርጥበት ይጠጣል፣ ጣውላው ይጎብጣል። ሁለቱንም ፊት ቀቡ። ትናንት ከግንድ የተሰነጠቀ እርጥብ ጣውላ ግን ምንም ቢቀባ መጣመሙ አይቀርም፤ መጀመሪያ ይድረቅ።

ሰም የሚወዱም አሉ። ክፋት የለውም፤ የፈሰሰ ኮላ ሲደርቅ በቀላሉ ይነሳል። ሲበዛ ግን ያንሸራትታል፣ ወደ ሥራው ከተላለፈም የደንበኛው ቁም ሳጥን ላይ ቫርኒሽ አልይዝ ይላል። ትንሽ ቀብታችሁ በደረቅ ጨርቅ በደንብ ወልውሉት።