በባንድ ሶው ብረት መቁረጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እዚህ የምናወራው የቤት ወርክሾፕ ውስጥ ስለሚቀመጠው ትንሹ አግዳሚ ባንድ ሶው (ቀለበት ሆኖ በሚዞር ጥርሳም ምላጭ የሚቆርጥ መጋዝ) ነው፤ ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) ባለ ሦስት ደረጃ ፑሌጃ (የቀበቶ መዘውር) ላይ ሲዛወር ምላጩ በደቂቃ 25፣ 37 ወይም 60 ሜትር ገደማ ይሮጣል።

«ስቴንለስ ስቲል ቀስ ብሎ፣ ሳይጫኑ ነው የሚቆረጠው።»
ግማሹ ልክ ነው። ፍጥነቱ ዝቅተኛው ይሁን፤ ጫናው ግን መላላት የለበትም። ጥርሱ ሳይቆርጥ ዝም ብሎ ካሸው የስቴንለሱ ላይኛ ገጽ ይጠነክራል፤ ተከታዩ ጥርስ የሚገጥመው ከቅድሙ የባሰ ብረት ነው፣ ምላጩም ወዲያው ይዶለዱማል። የሚወጣውን ፍቅፋቂ እዩት። ብናኝ ብቻ ከሆነ ጫናው አንሷል፣ ተጠምዝዞ ከወጣ ደህና ነው፣ ተቃጥሎ ሰማያዊ ከሆነ ፍጥነቱ ወይም ጫናው በዝቷል። ባይሜታል ምላጭ (ጥርሱና ጀርባው ከተለያየ ብረት የተሠራ) ተጠቀሙ፣ የመቁረጫ ዘይት አጠጡ፣ መሃል ላይ አታቁሙ።

«ጥርሱ በደቀቀ ቁጥር ይሻላል።»
ለስስ ብረት ብቻ። ቢያንስ ሦስት ጥርስ በአንዴ ብረቱ ውስጥ መሆን አለበት፤ ካነሰ ጥርሱ ጠርዙን ይነክስና ይረግፋል። በኢንች 24 ጥርስ ያለው ምላጭ 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላይ ሦስት ያህል ጥርስ ያሳርፋል፣ ይበቃል። ያንኑ ምላጭ 50 ሚሊ ሜትር ድፍን ዘንግ ላይ ብታሳርፉት ግን ከ45 በላይ ጥርስ አንድ ላይ ይገባል። ጫናው ለሁሉም ይከፋፈላል፣ በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት በፍቅፋቂ ይሞላል፣ ምላጩም ይንሸራተታል እንጂ አይቆርጥም። ለዚህ በኢንች ከ6 እስከ 10 ጥርስ ይሻላል።

አንጎላሬ (የL ቅርጽ ያለው ብረት) ሲሆን ማዕዘኑን ወደ ላይ አድርጋችሁ እንደ ጣሪያ ሞርሳው ላይ እሰሩት። ምላጩ ክንፎቹን በሰያፍ ስለሚያገኛቸው 3 ሚሊ ሜትሩ ወደ 4.2 ይሰፋል።

«አሉሚኒየም ለስላሳ ስለሆነ አያስቸግርም።»
ችግሩ ጥርሱ ላይ መጣበቁ ነው። የተራራቀ ጥርስ፣ ከፍተኛው ፍጥነት፣ ማሽኑ ቆሞ ሳለም ምላጩ ላይ ሰም ማሸት ያስፈልጋል።

«የእንጨቱ ባንድ ሶው ምላጩ ብቻ ቢቀየር ይበቃል።»
የእንጨቱ በደቂቃ 900 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ብረት ላይ ጥርሱ ወዲያው ይቃጠላል።

«ዘይት ለሁሉም ያስፈልጋል።»
ጊዛ (ካስት አይረን) ደረቁን ይቆረጣል፤ ዘይት ሲነካው ብናኙ ጭቃ ይሆናል።

«ምላጩ መሃል ላይ ከተሰበረ በአዲስ መቀጠል ነው።»
አዲሱ ምላጭ ጥርሱ ስላልተበላ ከአሮጌው ሰፋ አድርጎ ይቆርጣል፤ አሮጌው መስመር ውስጥ ሲገባ ይጣበቃል፣ ጎኑም ይላጋል። ብረቱን ገልብጡና ከሌላው ወገን ጀምሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቁራጮችም በግማሽ ጫና ቁረጡ።