የፈተና ተገቢነት ምንድን ነው?

«የዌክስለር የአዋቂዎች የአእምሮ ብቃት ፈተና አስተማማኝነቱ ከ0.95 በላይ ነው፤ ስለዚህ ሠራተኛ ለመቅጠር እንጠቀምበት» የሚል ክርክር ደጋግሜ አነበብኩ። ቁጥሩ ልክ ነው፤ ከፍተኛው 1 ነውና ትልቅ ነው። ከ«ስለዚህ» በኋላ ለተባለው ግን አንድም ማስረጃ አልቀረበም።

አስተማማኝነት ውጤቱ የማይዋዥቅ መሆኑን ብቻ ነው የሚነግረን። ተገቢነት ግን ከዚህ ውጤት ተነስቼ ስለዚህ ሰው፣ ለዚህ ዓላማ የምሰጠው ፍርድ በምን ይደገፋል የሚል ጥያቄ ነው። ስለዚህ «ፈተናው ተገቢ ነው» ተብሎ አይቆምም፤ ለምን እና ለማን መባል አለበት።

አንድ ጆንያ ቡና አሥር ጊዜ ብትመዝኑት ሚዛኑ አሥሩንም ጊዜ ያንኑ ኪሎ ይላል። መኪናው ስንት ጆንያ እንደሚችል ለማወቅ ይህ ይበቃል። የጣዕሙን ደረጃ ግን ቀማሽ እንጂ ሚዛን አይናገርም። ቡናው በደንብ ካልደረቀ ደግሞ ኪሎው ውስጥ ውሃ አለ። ሚዛኑ አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ለውሃው የቡና ዋጋ የከፈለው ገዥ ነው።

በአእምሮ ብቃት ፈተናም እንዲህ ያለ ውሃ ይገባል፤ የትምህርት ዕድል፣ በሰዓት መፈተንን መልመድ፣ ቋንቋ። ቁጥሮችን ሰምቶ በቃል የመድገም ክፍሉን እንመልከት። የእንግሊዝኛ ቁጥሮች አጫጭር ናቸው፤ የእኛ «ስድስት»፣ «ስምንት»፣ «ዘጠኝ» ሲጠሩ ረዘም ይላሉ። ለመጥራት ረጅም ጊዜ የሚወስድ ቃል በአእምሮ ይዞ ለመቆየት ይከብዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ ጥናት የዌልስኛና የእንግሊዝኛ ቁጥሮችን አወዳድሮ ይህንኑ አሳይቷል። ስለዚህ ፈተናውን ወደ አማርኛ መተርጎም ብቻውን አይበቃም። የተፈታኙ ነጥብ ከእኩዮቹ ጋር የሚነጻጸርበት ሠንጠረዥም ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው አራተኛው እትም የተመሠረተው በ2,200 አሜሪካውያን ላይ ነው፤ 100 ማለት የዚያ አገር እኩዮች አማካይ ነው።

ፈተናው ከንቱ ነው የሚሉትንም አልቀበልም። በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው የቃላት ትርጉም ሲጠየቅ እንደ ድሮው ይመልስ ይሆናል፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከየቁጥሩ ሥር ምልክቱን ጻፍ ሲባል ግን እጁ በየመስመሩ ይዘገያል። ይህ ልዩነት ለሐኪሙና ለቤተሰቡ ብዙ ይነግራል። ድብርት፣ እንቅልፍ ማጣትና አንዳንድ መድኃኒቶችም ያዘገያሉና ምክንያቱን ከፈተናው ብቻ አንወስድም።

አስተማማኝ የተባለው ውጤትም ቢሆን ነጠላ ነጥብ አይደለም፤ ግራና ቀኙ የስህተት ወሰን አለው። በአሜሪካ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው በሞት አይቀጣም፤ የፍሎሪዳ ግዛት ግን ይህ ውስንነት አለብኝ የሚል የሞት ፍርደኛ በፈተናው ከ70 በላይ ካመጣ ሌላ ማስረጃ አልሰማም ትል ነበር። ከእነዚህ ፍርደኞች አንዱ ፍሬዲ ሊ ሆል 71 አምጥቶ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 ይህ ድርቅ ያለ መስመር የመለኪያውን ስህተት ስለሚዘነጋ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ።

ወደ ቅጥሩ ስመለስ፣ የአእምሮ ብቃት ፈተናዎች ከሥራ ውጤት ጋር ዝምድና እንዳላቸው ያሳዩ ጥናቶች በርካታ ናቸው። አልክድም። የተጠኑት ግን ሌሎች ሠራተኞች፣ በሌላ ቋንቋና በሌላ ሥራ ላይ ናቸው። እዚህ ለመቅጠር የሚፈልግ ሰው እዚህ በተፈተኑ ሠራተኞች ላይ ውጤቱና በኋላ የሠሩት ሥራ መገጣጠሙን ያሳየን። እስከዚያ በዚህ ቁጥር ማንም ሥራ ሊነፈግ አይገባም።